ከወንበሩ ጎን ለምትቀመጡ

ልጆቼ፣

ጡረታ ልወጣ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ነው። አንዲት የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ የመሪ ሚስት ሥራዋ ምንድን ነው? ደሞዝ አላት?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁና «ሕገ መንግሥቱን አንብቢ» ብያት ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ታሪክ ሳስተምር ከሰጠኋቸው መልሶች እንደዚያ የሚያሳፍረኝ የለም። ብታነበውም አታገኘውማ! የ1987ቱ ሕገ መንግሥት የጠቅላይ ሚኒስትሩን ሥልጣን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ስለ ትዳር ጓደኛው ግን ትንፍሽ አይልም። «ቀዳማዊት እመቤት» የምንለው በልማድ ነው።

ዘግይቼም ቢሆን መልሱን ልሞክር። የመሪ ሚስት ላትሆኑ ትችላላችሁ። ግን ብዙዎቻችሁ አንድ ቀን ከአንድ ባለሥልጣን ጎን መቀመጣችሁ አይቀርም። ሚስት ሆናችሁ፣ ባል ሆናችሁ፣ ልጅ ወይም አማካሪ ሆናችሁ። ያኔ የሚገጥማችሁን እቴጌ ጣይቱ ከእኔ የተሻለ ያስተምሯችኋል።

ጣይቱ ብጡል በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ አንኮበር ላይ ምኒልክን ሲያገቡ ለጋ ሙሽራ አልነበሩም። ሌላ ትዳር አይተው ነው የመጡት። ግዕዝ ያውቃሉ፣ በገና ይደረድራሉ፣ ሰንጠረዥ ይጫወታሉ። የመኳንንት ሽኩቻ ምን እንደሚመስል ከቤታቸው ነው የተማሩት። ጥቅምት 27 ቀን 1882 ዘውድ ሲጭኑ «ብርሃን ዘኢትዮጵያ» ተባሉ። ጋብቻው በር ከፍቶላቸዋል፣ አልክድም። ገብተው የሚናገሩትን ግን ከቤታቸው ይዘው ነው የመጡት።

የውጫሌን ነገር ታውቁታላችሁ። ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣልያን በኩል ስለ መገናኘታቸው የሚያወራው የውሉ 17ኛ አንቀጽ አማርኛው «ይችላሉ» ዓይነት ነበር፣ ጣልያንኛው ደግሞ ግዴታ። የጣልያን መልእክተኛ አንቶኔሊ በ1883 ሊደራደር ሲመጣ እቴጌይቱ ሴት እንደሆኑና ጦርነት እንደማይወዱ፣ ይህን ከመቀበል ግን ጦርነት እንደሚመርጡ ነገሩት። ይቺን በየዓመቱ የካቲት ሲመጣ በሸመደዳችሁት ልክ እኔም አስሸምድጃለሁ። አሁን ሳስበው ግን ከንግግሩ ይልቅ የሚገርመኝ ከንግግሩ በፊት ያለው ነው። አንድ ግስ ምን እንደሚያስከትል አይተዋል። ውል ፊታችሁ ሲቀርብ «ባለቤቴ አይቶታል» ብላችሁ አትፈርሙ። ራሳችሁ አንብቡት።

መቀሌ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔ ከአድዋም አብልጬ የምወደው ታሪክ ነው። በ1888 ታኅሣሥና ጥር፣ ጣልያናዊው ሻለቃ ጋሊያኖ እንዳ ኢየሱስ ላይ ምሽግ ይዟል። ግንቡ ጠንካራ ነው። ፊት ለፊት የሄደ ወታደር ይረግፋል። የውኃው ምንጭ ግን ከግንቡ ውጪ ነበር። እቴጌይቱ ምንጩ እንዲያዝ መከሩ። የራሳቸውን ወታደሮች ሰደዱ፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር 900 ነው። ምንጩ ተያዘ። ግንብ ውስጥ ያለው ሠራዊት በጥም ተቃጥሎ ምሽጉን ለቆ ወጣ። እኔ ወንዝ ወርጄ ውኃ ቀድቼ ያደግሁ ነኝ። እንስራ ጀርባው ላይ ያልከበደው ሰው ይህን ዘዴ ቶሎ የሚያስበው አይመስለኝም። ስንት አፍ አለ? ስንት እንስራ ይበቃል? ለስንት ቀን? ይሄ የጓዳ ሂሳብ ነው። ጓዳ የምታውቁትን ነገር አደባባይ ስትወጡ በር ላይ ጥላችሁ አትግቡ።

አሁን ወደማይነገረው ልለፍ። ምኒልክ ታመሙ። ሕመሙ ሲጠና እቴጌይቱ ሹም ሽሩን ያዙት። የሸዋ መኳንንት ግን አኮረፉ። እውነቱን ለመናገር ምክንያት ነበራቸው። እቴጌ ዘመዶቻቸውን ማስጠጋት ያበዙ ነበር፣ ወንድማቸው ልጅ ድረስ። መጋቢት 1902 ላይ መኳንንቱ መክረው ከመንግሥት ሥራ እጃቸውን እንዲያነሡና በሽተኛውን እንዲያስታምሙ ወሰኑ። ሃያ ሰባት ዓመት የመከረ ሰው! አዲስ አበባን ስም ያወጣላት ሰው! ሥልጣናቸው ግን በባላቸው ትንፋሽ ላይ ነበር የቆመው። ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 አረፉ። እቴጌ እንጦጦ ማርያም ወጥተው አራት ዓመት ያህል ኖሩና የካቲት 4 ቀን 1910 አረፉ። ተማሪዎቼን በየዓመቱ እዚያ እወስድ ነበር። ከባሕር ዛፉ መሐል ቁልቁል ሲታይ ከተማው በሙሉ እግር ሥር ነው። አንዱ ልጅ «በየቀኑ ይቺን እያዩ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ወንዶች ልጆቼ፣ ይሄ የሴቶች ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። የዘውዲቱን ባል አስታውሱ። ራስ ጉግሣ ወሌ የጣይቱ ወንድም ልጅ ናቸው። ዘውዲቱ በ1909 ሲነግሡ መኳንንቱ ባልየው ከጎናቸው እንዲቀመጡ አልፈቀዱም። ተለያዩ። ጉግሣ በኋላ በጌምድርን ይዘው ኖሩ። መጋቢት 22 ቀን 1922 አንቺም ላይ ሲዋጉ ሞቱ። ንግሥቲቱ በሁለተኛው ቀን አረፉ። ይህን ክፍል ሳስተምር ድምፄ ይቀየር ነበር፣ ተማሪዎቼ ያውቁታል።

እቴጌ መነንን በአጭሩ ላንሳ። በ1923 ለሴት ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ። ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ተነሥቶ የካቲት 12 ተባለ። ደወሉ ግን መደወሉን አልተወም።

ሰው ላይ ብቻ እንዳላወራ የራሴንም ልንገራችሁ። ባለቤቴ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር፣ ዘጠኝ ዓመት። የመጀመሪያው ፋሲካ ላይ በራችን ላይ የማናውቀው ሰው በግ አሰረ። መለስነው። በሦስተኛው ዓመት መመለሱ ሰለቸን። እኔም ሳላውቀው «እኛ ጋ» ማለት ጀመርኩ፤ ደሞዝ የማይከፍለኝን መሥሪያ ቤት ማለቴ ነው። አንድ ቀን ስልክ አንሥቼ የዘመዴ ልጅ ጉዳይ ቶሎ እንዲታይለት ጠየቅሁ። ጸሐፊዋ «እሺ እትዬ፣ ምን ችግር አለው» አለች። በማግስቱ አለቀለት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የመጨረሳቸው ፍጥነት ነው። ከእሱ በፊት ወረፋ የያዘ ሰው ነበራ!

ስለዚህ አንድ ነገር ከእኔ ከሰማችሁ ያቺን ስልክ አታንሡ። አንዴ ካነሣችኋት ሁለተኛዋ ትቀላለች። ሥራችሁንም አትልቀቁ። «ባልሽ ይሄን ሁሉ እያገኘ ለአንቺ ቾክ ምን ያደርግልሻል?» ያሉኝ ወዳጆች ነበሩ። ያኔ እልህ ይዞኝ ነው የቀጠልኩት፣ ብልህ ሆኜ አይደለም።

ከዚያ አንድ ዓርብ ከኃላፊነቱ ተነሣ። ሰኞ ጠዋት ሾፌሩ መጥቶ በር ላይ ቆሞ፣ ዓይናችንን ሳያይ የመኪናውን ቁልፍ ጠየቀ። ጥሩ ልጅ ነበር፣ እሱ ምን ያድርግ። ባለቤቴ ቢሮ የቀረ መነጽር ነበረውና ያቺኑ ጸሐፊ ደወልኩላት። ድምፄን ዘጠኝ ዓመት ታውቀዋለች። «ማን ልበል?» አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ቦርሳዬን አነሣሁ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነበር፣ ታክሲ ደግሞ ሰልፍ አለው። ባለቤቴ በፒጃማው ከወጥ ቤት ብቅ አለ። በአንድ እጁ ሻይ፣ በሌላው ዳቦ። ሻዩ ስኳር በዝቶበታል። «ጠጥተሽ ሂጂ እንጂ» አለኝ። ቆሜ ጠጣሁት።