ተርኪን በድምፅ መጥራት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ወንድሜ አሜሪካ ውስጥ ሚዙሪ ይኖራል። በሚያዝያ ልጠይቀው ስሄድ ተርኪ ለሚባለው ዶሮ መሰል ትልቅ የዱር ወፍ አደን አብረን እንወጣለን። ጠመንጃውን እሱ ይይዛል፤ ወፉን መጥራት ግን የእኔ ሥራ ነው ብሎኛል። ለልምምድ የላከልኝ፣ የተርኪ ድምፅ የሚያወጣ ባለ ክዳን የእንጨት ሣጥን በእኔ እጅ ሲጥ ሲጥ ከማለት አላለፈም። ምን ላድርግ? እዚህስ ቆቅ አይጠራበትም?
አንባቢ፣ ከቡሬ

መልስ፦ ወንድም ዓለም፣ እኔም በዚያው አገር ስኖር ዛፍ ተደግፌ ብዙ ጠዋት ስላነጋሁ ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል።

ሣጥኑ የሚጮኸው ክዳኑ ጠርዙን ሲፈትግ ነው። የክዳኑን የውስጥ ገጽ ዘይት የሌለው ጠመኔ ቀባው፤ ወጥ በነካው ጣት ፈጽሞ አትንካው። ክዳኑን ሳትጫን፣ ከጠርዙም ሳታነሣ አጭር መንገድ ግፋው። የሴቷ ጥሪ በቀጭን ድምፅ ይጀምርና ወዲያው ወደ ጎርናናው ይወርዳል፤ ይህንኑ ከ5 እስከ 7 ጊዜ አከታትለው። ዝናብ ከነካው ዲዳ ይሆናልና በላስቲክ ጠቅልለህ ያዘው።

ከሁሉ የሚከብደው ዝም ማለቱ ነው። በጸደይ የሚታደነው ወንዱ ነው። እንደ ወጉ ወንዱ ባለበት ሆኖ ይጮኻል፣ ሴቷ ወደ እሱ ትሄዳለች። አንተ የምትፈልገው ተገላቢጦሹን ነው። ደጋግመህ ከጠራኸው እየመጣች ነው ብሎ ጅራቱን ዘርግቶ እዚያው ይጠብቃል። ስለዚህ ጥራና ከመለሰልህ ሣጥኑን አስቀምጥ፤ ድምፅ ሲጠፋበት ፍለጋ ይነሣል። ድምፁ እየቀረበ ከመጣ ደረቅ ቅጠል በእጅህ ጫር ጫር ማድረግ ይበቃል፤ የምትለቅም ሴት ትመስለዋለች። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ድምፁ ሲያምርለት ማቆም ያቅተዋል።

ተርኪ የሚያድረው ዛፍ ላይ ነው። ገና ሳይነጋ ወንድምህ እንደ ጉጉት ይጩህ፤ ወንዱ ሳያስበው ይመልስና ማደሪያውን ያሳውቃችኋል። ከዚያ 100 ሜትር ያህል ርቃችሁ ተቀመጡ።

አሁን የምነግርህን አደራ እንዳትዘነጋ። ከትከሻህ የሚሰፋ ዛፍ ተደገፍ። ብርዱ ቢጠናብህም ነጭ ጋቢህን ቤት ተወው፤ ቀይና ሰማያዊም አትልበስ። የወንዱ ራስ በእነዚህ ሦስት ቀለሞች ስለሚደምቅ ሌላ አዳኝ ሊተኩስብህ ይችላል። የተርኪ ድምፅ ሰምተህም አድብተህ አትጠጋ፤ የሚጠራው እንዳንተ ያለ ሰው ሊሆን ይችላል።

ቆቅን በተመለከተ፣ ሣጥኑ የእሱን ድምፅ አያወጣም። ያለ ፈቃድ ማደንን ደግሞ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ይከለክላል። ለጆሮህ ግን ቆቅ ጥሩ አስተማሪ ነው። ጎሕ ሲቀድ ወደ ቁጥቋጦው ዳር ውጣ፤ ሲጮኽ ዐይንህን ጨፍነህ አቅጣጫውንና ርቀቱን ገምት፤ በርሮ ሲሄድ ቦታውን በእርምጃ ለካው። እስከ ሚያዝያ ይህን አዘውትር።