ወረቀታችሁን ሳትይዙ ሥራ አትልቀቁ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ የሆነች ወጣት ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ገላን ያለ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። «ጋሼ፣ ዱከም የተሻለ ደመወዝ አግኝቻለሁ። ሰኞ ግቢ ብለውኛል። ዝም ብዬ ብቀርስ ምን ይመጣብኛል?» አለችኝ። መልሱ አጭር ነው። እኔ ግን አንድ የድሮ ባልደረባዬ ትዝ ብሎኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ሰውዬው የቶርኖ፣ የብረት መቅረጫ ማሽን ባለሙያ ነበር። ቃሊቲ አካባቢ አንድ የመንግሥት ፋብሪካ ውስጥ አብረን ሠርተናል። እሱ ወርክሾፕ፣ እኔ ፐርሶኔል ክፍል። ማሽን ተሰብሮ መለዋወጫ ከውጭ እስኪመጣ ሲጠበቅ፣ የተሰበረውን ቁራጭ እያየ አዲሱን ይሠራው ነበር። መሐንዲሶቹ ስዕላቸውን ይዘው እሱ ጋ ይመጣሉ። ለልምምድ የሚላኩ ልጆች ሁሉ በእሱ እጅ ነው ያለፉት።

አንድ ቀን በትርፍ ሰዓት ክፍያ ከሺፍት ኃላፊው ጋር ተጣላ። የሠራው ሰዓት ሳይመዘገብለት ቀርቶ ነበር፤ እውነቱ ከእሱ ጋር ነው። ቱታውን አውልቆ ወጣ፣ አልተመለሰም። ግን በስሙ የወጣ ካሊፐር፣ የመለኪያ መሣሪያ ማለት ነው፣ ቤቱ ነበር። ንብረት ክፍል «ካሊፐሩ ካልገባ ክሊራንስ አልፈርምም» አለ። ክሊራንስ፣ ማለትም ንብረት ማስረከቡን የሚያረጋግጥ ወረቀት፣ ከሌለ ደግሞ የሥራ ልምድ ደብዳቤ የለም። በሰው ላክንበት፣ አልመጣም። አቃቂ ቤቱ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። «ያንን ግቢ ዳግም አልረግጥም» አለ። ካሊፐሩን እኔ ልመልስልህ ብዬ ብጠይቀውም ክብሬ ይነካል ብሎ እምቢ አለኝ። ባለቤቱ፣ ነፍሷን ይማር፣ ሰው ሳይበላ ከቤቷ አታስወጣም ነበር። የዚያን ቀን ግን ቡናው ሳይፈላ ተነስቼ ወጣሁ።

ለጊዜው አልከፋውም። በግል ወርክሾፖች እየተዘዋወረ ሠራ። ሙያ ያለው ሰው እንጀራ አያጣም። ዓመታት አለፉና ፋብሪካው ወደ ግል ዞረ። ቢሮዎቹ ሲፈርሱ የድሮ ማህደሮች በጆንያ ታጭቀው መጋዘን ውስጥ ተጣሉ። በኋላ አንድ ትልቅ ድርጅት ለወርክሾፕ ፎርማን ማስታወቂያ አወጣ። 10 ዓመት የሥራ ልምድ በማስረጃ ይላል። እሱ ከዚያ በላይ ሠርቷል። የተግባር ፈተናውን አንደኛ አለፈ። ማስረጃ አምጣ ሲሉት ግን በእጁ ምንም የለም።

ያኔ ነው እኔ ጋ የመጣው። አብረን ወደ መጋዘኑ ሄድን። ጥበቃው አዘነልንና አስገባን። ጆንያ እየፈታን ዋልን። ጣሪያው ስለሚያፈስ ብዙው ወረቀት ተጣብቋል። የስንቱን ሰው ማህደር አገኘን፤ የሞቱ ጓደኞቻችንን ጉርድ ፎቶግራፍ ሳይቀር። የእሱ የለም። ድርጅቱ በዜሮ ዓመት ልምድ፣ በጀማሪ ደመወዝ ቀጠረው። ፎርማን ሆኖ የገባው እሱ ቶርኖ ያስተማረው ልጅ ነው። ልጁ ጨዋ ነበር። «ጋሼ» እያለ ነበር ሥራ የሚያዘው። እንደዚያ ያለ ባለሙያ በአንድ ደብዳቤ ከጀማሪ ተራ መሰለፉ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እባካችሁ አንብቡ። አሠሪ የሥራ ልምድ ማስረጃ በነፃ መስጠት አለበት። የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ደመወዙ ይጻፍበታል። ብዙዎች የማያውቁት ግን ይህ ነው፤ ሥራው ሲቋረጥ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ ይሰጠዋል። ስለዚህ እስክትለቁ አትጠብቁ። እድገት ስታገኙ ወይም የሥራ መደባችሁ ሲቀየር አንድ አስጽፉ።

ለጎረቤቴ የነገርኳትም ይኸው ነው። የሙከራ ጊዜሽን ጨርሰሻል፤ ስለዚህ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪ። መዝገብ ቤት አስገቢና ቅጂው ላይ አስፈርሚ። ዝም ብለሽ ብትቀሪ አሠሪው ካሳ ሊጠይቅሽ ይችላል፤ እስከ 30 ቀን ደመወዝሽ የሚደርስ፣ ከቀሪ ክፍያሽ የሚያዝ። ለዱከሞቹም እውነቱን ንገሪያቸው። የሚፈልግሽ ድርጅት አንድ ወር ይታገሳል። ላይታገስም ይችላል፣ አውቃለሁ። ያን ጊዜ አለቃሽን ቀድሞ እንዲለቅሽ ጠይቂውና ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበዪ።

እኔ አንድ ቦታ ረግቶ መሥራትን እወዳለሁ። የዛሬ ልጆች ቶሎ ይሰለቻችኋል። ቴሌግራም ላይ ላያችሁት ማስታወቂያ ሁሉ በአንድ ምሽት ሲቪ ትልካላችሁ። ሲደወልላችሁ የትኛው ድርጅት እንደሆነ አታስታውሱም። ደመወዝ ስንት ነው ብላችሁ በግልጽ መጠየቃችሁ ግን ደስ ይለኛል፤ እኛ እናፍር ነበር። ጭማሪ የሌለበት ቦታ ዕድሜያችሁን ጨርሱም አልልም። ብቻ ሒሳቡን በደንብ ሥሩ። እንደኛ ከከተማ ዳር የሚኖር ሰው ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ታክሲ ከያዘ ጭማሪው መንገድ ላይ ያልቃል። ሰርቪስ ያለው ድርጅት ደመወዙ ቢያንስም ሊሻል ይችላል።

ስለ ሲቪ አጻጻፍና ስለ ቃለ መጠይቅ አልጽፍም። እሱን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ጡረታን ግን ገና ነው ብላችሁ ችላ አትበሉት። በግል ድርጅት በየወሩ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል። በዕድሜ ጡረታ ስትወጡ የዘላቂ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። የተቆረጠው ገንዘብ ገቢ መደረጉን ጠይቁ። የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ያዙ፣ ድርጅት ስትቀይሩም ለአዲሱ አሠሪ ስጡ። የቅጥር ደብዳቤውን፣ የእድገቱን፣ የሥራ ልምዱን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ስልክ ስለሚጠፋ ዋናውን ቤት አስቀምጡና የት እንዳለ ለቤተሰብ ንገሩ።