ጨውን ተማሩ

ልጆቼ፣ የዋልታ ባሕርን ለማጥናት ስትነሡ መጀመሪያ ልባችሁን የሚወስደው ፔንግዊንና የዋልታ ድብ ነው። የእኔንም የወሰደው እሱ ነበር። ዛሬ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ጨውን ተማሩ።

የባሕር ውሃ ወደ በረዶ የሚለወጠው ከዜሮ በታች 1.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ነው። ሲለወጥም አብዛኛውን ጨዉን ይተፋዋል። ከሥሩ የሚቀረው ውሃ ብርድና ጨው ተደራርበውበት ይከብድና ይሰምጣል። በአንታርክቲካ ዳርቻ ባሉት በዌዴልና በሮስ ባሕሮች በኩል እንዲህ የሚወርደው ውሃ ኦክስጅን ተሸክሞ በውቅያኖሶች ወለል ላይ ወደ ሰሜን ይጓዛል። የአንታርክቲካ የየብስ በረዶ ቀልጦ ሲቀላቀልበት ግን ጨዉ ይሳሳል፤ የቀለለ ውሃ ደግሞ እንደ ልብ አይሰምጥም።

ማዕዱም ከዚያው በረዶ ጋር የተያያዘ ነው። ክሪል የሚባሉት ሽሪምፕ መሳይ ትንንሽ የባሕር እንስሳት በጨቅላነታቸው ክረምቱን የሚያልፉት ከበረዶው ሥር የበቀለውን ዋቅላሚ፣ ዕፅዋት መሳዩን ደቂቅ ሕይወት፣ እየፋቁ ነው፤ በክሪል ላይ ደግሞ ፔንግዊኑም ዓሣ ነባሪውም ያድራሉ። በሰሜን፣ ከኖርዌይና ከሩሲያ በላይ ባለው በባረንትስ ባሕር፣ የአትላንቲክ ሙቅ ውሃ እየገፋ ሲገባ ትልልቆቹና ስባም የሆኑት የብርድ ኮፔፖዶች፣ ማለትም በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ እንስሳት፣ ቦታቸውን ለትንንሾቹና ለከሱት ይለቃሉ። እነሱን የምትለቅመው የባሕር ወፍ ያንኑ ስብ ለማግኘት ስንት ጊዜ አብዝታ መጥለቅ እንዳለባት አስቡት።

በወጣትነቴ ከአንድ ጉዞ ያመጣሁትን የጨው ልኬት ከቀድሞው ጋር አልገጥም ስላለኝ «መሣሪያው ተበላሽቷል» ብዬ ሰረዝሁት። መሣሪያው ደህና ነበር፤ የተለወጠው ባሕሩ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በራሳችሁ ትንበያም አትኩራሩ። የአንታርክቲካ የባሕር በረዶ በ2014 በሳተላይት ከተለካው ሁሉ በልጦ ከ20 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር አለፈ፤ ብዙዎቻችን ለዚህ ማብራሪያ አዘጋጅተን ጨርሰን ነበር። በ2016 በድንገት አሽቆለቆለ፤ በ2023 ደግሞ ክረምቱ ጣሪያ ላይ ደርሶም 17 ሚሊዮን አልሞላም። (ማብራሪያዎቻችን የት እንደገቡ አትጠይቁኝ።) (ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ወደ መርከብ ስትወጡ እርሳስ ያዙ፤ የብዕር ቀለም በብርድ ይረጋል። የተጠራጠራችሁትን ቁጥር ደግሞ ከሥሩ እንዲነበብ በአንድ ቀጭን መስመር ብቻ ሰርዙት።