ከፕላይዉድ፣ ከሞላና ከአሮጌ ስክሪን የሚሠራ ኮክፒት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች የመጡት የበረራ ሲሙሌተር (አውሮፕላን ማብረርን የሚያስመስል የኮምፒውተር ፕሮግራም) ላይ በኪቦርድ መብረር ከሰለቻቸው፣ ያለቀለት ኮክፒት (የአብራሪ ክፍል) ለመግዛት ግን ኪሳቸው ከማይፈቅድላቸው አንባቢያን ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ መካከለኛ አቅም ያለው ኮምፒውተርና አንድ ባለ 27 ኢንች ስክሪን አለኝ። ሁሉንም በአንዴ መሥራት አልችልም። መጀመሪያ ሁለት ስክሪን ልጨምር ወይስ ፓነሉን ልሥራ?

መልስ፦ በሁለቱም አይጀምሩ። ገንዘቡ ቀድሞ መዋል ያለበት እጅና እግርዎ ለማይለያቸው ነገሮች ነው፤ ለመሪው፣ ለሩደር ፔዳሉ (የአውሮፕላኑን አፍንጫ ግራና ቀኝ ለሚያዞረው የእግር መርገጫ) እና ለጋዝ መስጫው። ፓነል ላይ ያለ የመብራት ማብሪያ በአንድ በረራ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢነካ ነው። ፔዳሉ ግን ከመንደርደሪያው እስከ ማቆሚያው እግርዎ ሥር ነው። ፎቶ ላይ የሚያምረው ፓነሉ ስለሆነ ብዙ ሰው በሱ ይጀምራል፤ ገንዘቡም ትዕግሥቱም እዚያው ያልቃሉ።

ከዚያ በፊት የትኛውን አውሮፕላን እንደሚሠሩ ይወስኑ። ሴስና 172ን የመሰለ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ለጀማሪ ይበቃል፤ አንድ መሪ፣ ሁለት የሚገፉና የሚሳቡ ዘንጎች፣ አንድ የፍላፕ ማብሪያ፣ አንድ የትሪም ጎማ፣ ጥቂት ማብሪያዎች። የቦይንግ 737ን ብንወስድ ከራስ በላይ ያለው ፓነል ብቻውን ከሴስናው ኮክፒት በሙሉ የሚበልጥ ማብሪያ አለው።

እንጨት ከመቁረጥዎ በፊት ሁሉንም በካርቶን ይሥሩት። ወንበሩ ላይ ይቀመጡ፣ ዓይንዎ ከወለሉ ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንዳለ ሰው ይለካልዎ፤ የስክሪኑንም የፓነሉንም ቦታ ከዚያ ነጥብ ተነሥተው ያስቀምጡ። በካርቶኑ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይብረሩ። ጉልበትዎ ከፓነሉ ሥር የሚጋጭ ከሆነ የሚያውቁት ያኔ ነው፤ ካርቶን በመቀስ ይታረማል።

ስለ ስክሪኑ፦ ባለ 27 ኢንች ስክሪን ወደ ጎን 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዓይንዎ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሲቀመጥ የሚሸፍነው የእይታ ማዕዘን 53 ዲግሪ ብቻ ነው። ሲሙሌተሩን 80 ወይም 90 ዲግሪ ላይ ካደረጉት ብዙ ያሳይዎታል፤ ግን ማኮብኮቢያው ከእውነቱ አንሶና ርቆ ይታያል፤ ስለዚህ ለማረፍ አፍንጫውን የሚያነሡበት ሰዓት ይዛባብዎታል። ኤክስ-ፕሌን ላይ ማዕዘኑ በዲግሪ ይገባል፤ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ላይ ደግሞ በዙም መጠን ነው የሚስተካከለው። ጎንና ጎንዎን ለማየት ከሁለት ተጨማሪ ስክሪን ይልቅ ኦፕንትራክ የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር ከተራ ዌብካም ጋር ይጠቀሙ፤ ጭንቅላትዎን በጥቂቱ ሲያዞሩ እይታው በብዙ ይዞራል። ክፍሉ ጨለማ ከሆነ ካሜራው ፊትዎን ስለሚያጣ እይታው ይዘላል። ከስክሪኑ በላይ ፊትዎን የሚያበራ ትንሽ መብራት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ጋዝ መስጫውን በፖቴንሺዮሜትር (ሲዞር የኤሌክትሪክ መቋቋሚያው በሚለዋወጥ ክፍል) ሠራሁት። ዘንጉን ሳልነካው ንባቡ ይንቀጠቀጣል፤ እስከ መጨረሻው ስገፋው ደግሞ 100 ከመቶ አይደርስም። ግማሽ ላይ ሳደርገው ሞተሩ ገና ሥራ ፈት ላይ ያለ ይመስላል። ፖቴንሺዮሜትሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ የዘረዘሯቸው ሦስት ችግሮች ናቸው፤ ምክንያታቸውም ለየቅል ስለሆነ አንድ በአንድ እንያቸው።

ከመጨረሻው እንጀምር። ግማሽ ገፍተው ንባቡ ከ10 እስከ 20 ከመቶ አካባቢ ብቻ ከሆነ የገዙት ለድምፅ መጠን የሚውለውን ሎጋሪዝማዊ ፖቴንሺዮሜትር ነው። የሚያስፈልግዎ በእኩል መጠን የሚለወጠው ሊኒየሩ፣ 10 ኪሎ ኦም የሆነው ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን ፊደል ብቻ አይመኑ፤ የፊደሉ ትርጉም እንደ አምራቹና እንደ ዘመኑ ይለያያል። መዞሪያውን በትክክል መሃል ላይ ያቁሙትና ከመሃለኛው እግር ወደ ግራውና ወደ ቀኙ በመልቲሜትር ይለኩ። ሁለቱም 5 ኪሎ ኦም ገደማ ካሳዩ ሊኒየር ነው። አንዱ 1፣ ሌላው 9 ካሳየ ይመልሱት።

100 ከመቶ አለመድረሱ የመካኒክ ጉዳይ ነው። ተራ ፖቴንሺዮሜትር 300 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። እርስዎ የሠሩት ዘንግ ከጫፍ ጫፍ 60 ዲግሪ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ከአምስት እጁ አንዱን እጅ ብቻ ነው የሚጠቀሙት። የአርዱዊኖው (ዘንጉንና ማብሪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ ቦርድ) ንባብ ከ0 እስከ 1023 ሲሆን ለእርስዎ የሚደርስዎ 200 ደረጃ ነው። ካሊብሬት በማድረግ (ሁለቱን ጫፎች ለሶፍትዌሩ በማሳወቅ) 100 ከመቶ እንዲደርስ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ደረጃው ያው 200 ስለሚቀር እያንዳንዱ እርምጃ ይተልቃል፤ መንቀጥቀጡም አብሮ አምስት እጥፍ ይጎላል። መፍትሔው ጥርስ ነው፤ ዘንጉ ላይ ባለ 60 ጥርስ፣ ፖቴንሺዮሜትሩ ላይ ባለ 15 ጥርስ ቢያስሩ 60 ዲግሪው 240 ይሆናል። ጫፍና ጫፍ 30 ዲግሪ ይተርፋል፤ እሱ መትረፍ አለበት። ዘንጉን የሚያቆመው በእንጨቱ ላይ የተበጀለት መቆሚያ እንጂ የፖቴንሺዮሜትሩ ውስጠኛ መቆሚያ መሆን የለበትም፤ ያ ትንሽ ቆርቆሮ ነው፣ በእጅ ግፊት ይሰበራል። እንደ ሴስና የሚገፋና የሚሳብ ዘንግ ከሆነ የሚሠሩት ደግሞ ጥርስ አያስፈልግም፤ 60 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ተንሸራታች ፖቴንሺዮሜትር ይበቃል።

መንቀጥቀጡን ለመለየት የዊንዶውስን የጌም ኮንትሮለር መስኮት ከፍተው ዘንጉን በጣም በዝግታ ይግፉት። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚዘል ከሆነ የካርቦኑ መንገድ እዚያ ጋ ተበልቷል ወይም አቧራ ገብቶበታል። ድንገት ወደ ዜሮ ወይም ወደ ጫፍ ከወረደ ብየዳው ተሰንጥቋል። በሁሉም ቦታ በእኩል የሚርገበገብ ከሆነ ጥፋቱ የሽቦው ነው፤ ብዙ ጊዜ የግራውንድ (የዜሮ ቮልት) ሽቦው ላልቶ ወይም የሲግናሉ ሽቦ ከሞተር ወይም ከመብራት ገመድ ጋር አብሮ ታስሮ ይገኛል። ሽቦውን ይለዩት፣ በሲግናሉና በግራውንዱ መካከል ቦርዱ አጠገብ 100 ናኖፋራድ ካፓሲተር ይበይዱ፣ በፕሮግራሙም 16 ንባብ እየወሰዱ አማካዩን ይላኩ። በዚህ ካልዳነ ፖቴንሺዮሜትሩን ይለውጡ። ምንም ያልተሰካበት የአናሎግ ፒን እንደ አክሲስ ከተመዘገበም ብቻውን ሲዋልል ያገኙታል፤ ያ ብልሽት አይደለም፣ ከፕሮግራሙ ያውጡት።

በመፋተግ የሚበላ ክፍል የማይፈልግ ሰው ሆል ሴንሰር (የማግኔት መስክ የሚለካ ክፍል) ይጠቀም። ኤስኤስ49ኢ የሚባለው በ5 ቮልት ይሠራል፤ ማግኔት ሳይቀርበው 2.5 ቮልት ያወጣል። ሁለት ትንንሽ ማግኔቶችን ተቃራኒ ዋልታቸውን አፋጥጠው በሚዞረው ክፍል ላይ ያጣብቁ፤ ሴንሰሩን ሳይነካቸው መሃላቸው ያቁሙት። ከመሃል 30 ዲግሪ ግራና ቀኝ እስካለ ድረስ ንባቡ ከቀጥተኛ መስመር ብዙ አይወጣም። አጠገቡ የብረት ብሎን አይኑር፤ የማግኔቱን መስክ ያጣምማል፤ ናስ ወይም ፕላስቲክ ይሁን።

ጥያቄ፦ አርዱዊኖ ኡኖ ገዝቼ 25 ማብሪያ ላገናኝ ብል ኮምፒውተሩ እንደ ጆይስቲክ አያየውም፤ ፒኑም አይበቃም።

መልስ፦ የተለመደው ኡኖ (አር3) ዋና ቺፕ በራሱ ዩኤስቢ አይናገርም፤ ለዚህ ነው እንደ ሲሪያል መሣሪያ ብቻ የሚታየው። ጆይስቲክ ሆኖ እንዲታይ ኤቲሜጋ32ዩ4 ቺፕ ያለውን ሊዮናርዶ ወይም ፕሮ ማይክሮ ይያዙ። ኡኖውን ግን አይጣሉት፤ ሞቢፍላይት የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ስለሚቀበለው ለመብራቶችና ለጠቋሚዎች ይሆናል።

25 ማብሪያ በ25 ፒን አይገናኝም። 5 በ5 ማትሪክስ ያድርጉት፤ አምስት የረድፍ፣ አምስት የዓምድ ሽቦ፣ በጠቅላላው 10 ፒን። በእያንዳንዱ ማብሪያ ላይ አንድ 1ኤን4148 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክፍል) ይበየዳል፤ ባለ መስመሩ ጫፍ ሁሉም ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዙር። “ዳዮዱን ብዘለውስ?” የሚል ጥያቄ በብዙ ደብዳቤ መጥቷል። ተጭነው የሚለቁት ቁልፍ ብቻ ከሆነ ምናልባት ያልፍልዎ ይሆናል። ባለበት የሚቆም ማብሪያ ላይ ግን አይሆንም፤ ባትሪ፣ አልተርኔተርና የነዳጅ ፓምፕ በአንድ ላይ በርተው በማትሪክሱ ላይ የአራት ማዕዘን ሦስት ጥግ ላይ ከዋሉ፣ አራተኛው ጥግ ላይ ያለው ማብሪያ ሳይነካ በርቶ ይታያል። በበረራ መሃል ሞተሩ ላይ የተገናኘ ማብሪያ ቢሆን አስቡት።

ሌላው፣ የዊንዶውሱ መስኮት የመጀመሪያዎቹን 32 ቁልፎች ብቻ ነው የሚያሳየው። 33ኛው ካልታየ ሽቦ ከመንቀልዎ በፊት ሲሙሌተሩ ውስጥ ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ የማረፊያ መብራቱን ማብሪያ ወደ ላይ ሳደርገው ሲሙሌተሩ ላይ ይጠፋል፣ ወደ ታች ሳደርገው ይበራል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ትክክል ነው።

መልስ፦ “ቶግል” የሚለውን፣ የበራውን የሚያጠፋ የጠፋውን የሚያበራ ትእዛዝ ሰጥተውታል። ሲጫን “አብራ”፣ ሲለቀቅ “አጥፋ” የሚሉትን ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ይስጡት። በረራ ከመጫንዎ በፊትም ማብሪያዎቹን ሁሉ ወደ ታች ይመልሱ።

ጥያቄ፦ የሬዲዮ ድግግሞሽ የምቀይርበት ሮተሪ ኢንኮደር (ጠቅ ጠቅ እያለ ያለ ገደብ የሚዞር ቁልፍ) አንድ ጊዜ ሳዞረው አራት ይዘላል፤ በፍጥነት ሳዞረው ደግሞ ቁጥር ይውጣል።

መልስ፦ አራት መዝለሉ የአይነት ምርጫ ስሕተት ነው። ብዙዎቹ ኢንኮደሮች በአንድ “ጠቅ” አራት የሁኔታ ለውጥ ያደርጋሉ፤ ሶፍትዌሩ እያንዳንዱን ለውጥ እንደ አንድ ጠቅታ እየቆጠረው ነው። ሞቢፍላይት ላይ የኢንኮደር ዓይነት የሚመረጥበት ቦታ አለ፤ እየቀያየሩ ይሞክሩ። መዋጡ ሌላ ነው፤ ኢንኮደሩን በጆይስቲክ ቁልፍነት ካገናኙት ቦርዱ የሚልከው ምት በጣም አጭር ሊሆን ይችላል። ሲሙሌተሩ በሰከንድ 30 ምስል የሚያወጣ ከሆነ አንዱ ምስል 33 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ ከዚያ ያጠረ ምት ሳይታይ ያልፋል። ምቱን 50 ሚሊ ሰከንድ ያድርጉት። አንዳንዴ ወደ ኋላ የሚሄድ ከሆነ ከሁለቱ የሲግናል እግሮች እያንዳንዱን በ10 ናኖፋራድ ካፓሲተር ከግራውንድ ጋር ያገናኙ።

ጥያቄ፦ የሩደር ፔዳል ከእንጨት መሥራት ይቻላል? የሠራሁት መሃል ላይ ይላላል፤ ስረግጠውም ወንበሬ ወደ ኋላ ይሸሻል።

መልስ፦ ይቻላል፤ ከእንጨት ከሚሠሩት ሁሉ ገንዘብ የሚያድነውም እሱ ነው። ቀላሉ መንገድ መሃሉ ላይ የሚሽከረከር አንድ አግዳሚ ነው። ለመሠረቱ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 50 በ45 ሴንቲ ሜትር ፕላይዉድ፣ ለአግዳሚው 40 ሴንቲ ሜትር ጠንካራ እንጨት፣ ለማዞሪያው አንድ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን፣ ሁለት 6000 ቁጥር ኩሽኔታ፣ ሮንዴላና ሁለት ዳዶ ይያዙ። ኩሽኔታው ሁለት መሆን አለበት፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። በአንዱ ብቻ ከሠሩት አግዳሚው ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል፤ ፖቴንሺዮሜትሩም ያንን እንደ መዞር ያነብበዋል። እግሮችዎ ከማዞሪያው 15 ሴንቲ ሜትር ግራና ቀኝ ይረፉ፤ አግዳሚው 20 ዲግሪ ሲዞር እያንዳንዱ እግር 5 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ ያ ይበቃል። ፖቴንሺዮሜትሩን ከብሎኑ ጋር በቀጥታ አያጣብቁ፤ አጭር የጎማ ቱቦ መሃላቸው ያግቡ፣ ጥቂት ቢዛነፍ ይችለዋል።

መሃል ላይ መላላቱ የሞላው ነው። ሁለቱ ሞላዎች አግዳሚው ቀጥ ብሎ ሲቆምም ተወጥረው መሆን አለባቸው። አንዱ በመሃል ቦታ ላይ የሚላላ ከሆነ ያንን ያህል ስፋት ፔዳሉ ወዴትም አይመለስም። መንጠቆዎቹን ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ያርቋቸው።

ወንበሩ የሚሸሸው ጎማ ስላለው ነው። ጎማውን ቢያስሩትም የፔዳሉ መሠረት ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ወንበሩንና መሠረቱን በአንድ ጣውላ ያያይዟቸው፣ ያኔ የእግርዎ ግፊት ራሱን በራሱ ይይዛል። በእግር ጣት የሚረገጠውን ፍሬን ለጊዜው ይተዉትና ፍሬኑን መሪው ላይ ባለ አንድ ቁልፍ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ስድስቱን ዋና መሣሪያዎች (የፍጥነት፣ የከፍታና የመሳሰሉትን ክብ መለኪያዎች) በሰርቮ (በታዘዘው ማዕዘን ላይ በሚቆም ትንሽ ሞተር) ልሥራ ወይስ ከፓነሉ ኋላ ስክሪን ላድርግ?

መልስ፦ ስክሪን። የእውነተኛው ክብ መሣሪያ ቀዳዳ 80 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ከመሃል እስከ መሃል 90 ሚሊ ሜትር አድርገው በሁለት ረድፍ ሦስት ሦስት ቢደረድሩ ቦታው 26 በ17 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የባለ 15.6 ኢንች ላፕቶፕ ስክሪን 34.5 በ19.4 ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ካለ ሌላ መግዛት አያስፈልግም። የፊት ሰሌዳው ባለ 3 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ ይሁን፤ ከወፈረ ወይም ከመስታወቱ ከራቀ ከጎን ሲያዩት የቀዳዳው ጠርዝ ጠቋሚውን ይሸፍናል። ከላይና ከታች አየር መውጫ ይተዉ።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ላይ የጂ1000ን (መለኪያዎቹን በስክሪን የሚያሳየውን የአውሮፕላን መሣሪያ) ስክሪን ቀኝ አልት ይዘው በመጫን ነጥለው ወደ ሌላ ስክሪን ማውጣት ይችላሉ፤ ክቦቹን ባለ ጠቋሚ መሣሪያዎች ግን አይነጥልም። ለእነሱ ኤር ማኔጀርን የመሰለ የሚከፈልበት ሶፍትዌር ያስፈልጋል። በተነጠለ ቁጥርም የምስሉ ፍጥነት ይቀንሳል።

ሰርቮ ከወደዱ ለነዳጅ መጠን ጠቋሚ ይጠቀሙበት፤ 180 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሚዞር ለከፍታ መለኪያ አይሆንም። ለሱ 28ቢዋይጄ-48 ስቴፐር ሞተር ይሻላል፣ ዙሩን በ2048 እርምጃ ይከፍለዋል። ሰርቮውን ከቦርዱ አያብሉት፤ ሲጨናነቅ ከግማሽ አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል፣ አንድ የዩኤስቢ 2.0 ሶኬት ደግሞ የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፔር ነው። ለብቻው ባለ 5 ቮልት ኃይል ይስጡት፤ ግራውንዱን ብቻ ከቦርዱ ጋር ያገናኙት፤ ካልተገናኘ ሰርቮው ሲግናሉን ሳይረዳ ዝም ብሎ ይርገፈገፋል።

ጥያቄ፦ ከተነሣሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መሪው ይጠፋል፤ ነቅዬ ስሰካው ይመለሳል።

መልስ፦ ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ሶኬቱን እያጠፋው ነው። በኃይል አማራጮች ውስጥ የዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድን ያጥፉ፤ በዲቫይስ ማኔጀርም በእያንዳንዱ የዩኤስቢ ሩት ሀብ ላይ ኃይል ለመቆጠብ እንዲያጠፋው የሚፈቅደውን ምልክት ያንሡ። ሁሉም በአንድ ሀብ ላይ ከሆኑ ሀቡ የራሱ ኃይል ያለው ይሁን፤ የዩኤስቢ 2.0 ገመድም ከ5 ሜትር አይለፍ። እያንዳንዱን ቦርድ ሁልጊዜ በአንድ ሶኬት ላይ ይሰኩት፣ በሶኬቱም በገመዱም ላይ ተመሳሳይ ቁጥር ይጻፉ፤ ሶኬት ሲቀየር አንዳንዴ የቁልፍ ድልድሉ በሙሉ ይጠፋል።