ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት የኮምፒውተሩን ቀን ይመልከቱ

ከመሐል ሜዳ የጠየቁን እህታችን፣ በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤታቸው ያለው ዊንዶውስ 10 የተጫነበት ዴስክቶፕ አንዳንድ ቀን አፕዴቱን በደንብ እንደሚወስድ፣ መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስት ግን ገና መፈለግ ሲጀምር ስህተት ብሎ እንደሚያቆም ጽፈዋል። ከእኔ በፊት የመለሱት አብዛኞቹ ማሽኑን ደብረ ብርሃን አምጥተው ፎርማት እንዲያስደርጉ መክረዋል። እኔ እዚሁ ደብረ ብርሃን በጥገና ሥራ የቆየሁ ነኝና፣ ያን ሁሉ መንገድ አስጭነው ከመምጣትዎ በፊት አንድ ነገር እንዲያዩ እለምንዎታለሁ። መብራት ጠፍቶ ባደረ በማግስቱ ኮምፒውተሩን እንደከፈቱ፣ በስክሪኑ ታች በስተቀኝ ጥግ ያለውን ሰዓትና ቀን ያንብቡ።

ወደዚህ የመራኝ «መብራት ጠፍቶ ባደረ ማግስት» ያሉት ነው። ኮምፒውተሩ መብራት በሌለበት ጊዜ ሰዓቱን የሚቆጥረው ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ባለች የሳንቲም መጠን ባላት ባትሪ ነው። ባትሪዋ ስትሞት መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። አፕዴቱ የሚመጣበት ሰርቨር ደግሞ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት፣ መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ያለው ዲጂታል ሰርተፍኬት ያቀርባል። የእርስዎ ማሽን ዘመኑ 2009 ነው ብሎ ካመነ፣ ሰርተፍኬቱ ገና ሥራ ያልጀመረ ሆኖ ስለሚታየው ግንኙነቱን አይቀበልም። በዚያው ጠዋት ክሮምን ሲከፍቱ ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል የሚል ማስጠንቀቂያ ካመጣ፣ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያስፈልግዎትም።

ከዓመታት በፊት ከሸዋ ሮቢት የመጣልኝን እንዲሁ ያለ ማሽን ሁለት ጊዜ ፎርማት አድርጌ መልሻለሁ። እኔ ዘንድ ቀኑን አስተካክዬ ስሞክረው ይሠራል፤ ከሶኬት ተነቅሎ ባለቤቱ ቤት ሲደርስ ግን ያው ችግር ይመለሳል። በሁለተኛው ፎርማት ኮፒ ያልተደረገ የእድር መዋጮ መዝገብ ጠፋ። ሰብሳቢው ከወረቀት ደረሰኝ እየለቀሙ እንደገና ሲያስጽፉት ስላየሁ ነው ዛሬ ይህን አጥብቄ የምጽፍልዎት።

ባትሪውን ራስዎ መቀየር ይችላሉ። ገመዱን ከሶኬት ነቅለው የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ይጫኑ፤ ከዚያም የኬዙን የጎን ክዳን ይክፈቱ። ባትሪዋ ክብ፣ የምታብረቀርቅና ብዙውን ጊዜ 2032 የሚል ቁጥር የተጻፈባት ናት፤ ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር፣ ኃይሏም 3 ቮልት ነው። ከጎኗ ያለችውን ትንሽ የብረት መያዣ በጥፍርዎ ገፋ ሲያደርጓት ባትሪዋ ብድግ ትላለች። አዲሷን የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው ያስገቡና ቀኑን ያስተካክሉ። ዊንዶውስ በኢንተርኔት ያስተካክለዋል ብለው አይጠብቁ፤ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ሲበልጥ በራሱ አያርመውም።

ባትሪው ደህና ሆኖም ያው ችግር ሊገጥም ይችላል። በእኛ አካባቢ የጽሕፈት ቤቶች ደጋግሜ ያየሁት፣ ሠራተኛው በቅን ልቦና የኮምፒውተሩን ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ ማስተካከሉን ነው። ማሽኑ ይህን የሚያነበው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል። ሰዓቱንም እንዲሁ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓትን 9 ብለው ያስገቡ። በሰዓት ክልሉ ዝርዝር አዲስ አበባ ስለሌለች ናይሮቢ የሚለውን ይምረጡ፤ ሁለታችንም ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት (UTC) ሦስት ሰዓት ጭማሪ ላይ ነን።

ቀኑ ተስተካክሎም እምቢ ካለ ሲ ድራይቭ ላይ ያለውን ባዶ ቦታ ይዩ፤ በ80070070 የሚያልቅ የስህተት ቁጥር ቦታ አነሰ ማለት ነው። መብራት በመሃል ሄዶ በግማሽ የወረደ ፋይል ካለ ደግሞ፣ ሰርቪስስ (Services) በሚባለው የዊንዶውስ አገልግሎቶች ዝርዝር ውስጥ ገብተው ዊንዶውስ አፕዴት የሚለውን ያቁሙና በዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ካለው ሶፍትዌር ዲስትሪቢውሽን፣ ዳውንሎድ የሚለውን ፎልደር ብቻ ባዶ ያድርጉት። ከዚያ ሰርቪሱን መልሰው ያስጀምሩ። የግል ሰነድዎን አይነካም።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ ለተራዘመው የደህንነት ድጋፍ ካልተመዘገቡ ወርኃዊው አፕዴት አለመምጣቱ ብልሽት አይደለም፤ ምዝገባው ለግል ተጠቃሚዎች የሚያገለግለውም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው።

ይህን ሁሉ አድርገው ካልሄደ፣ በዚያ ጠዋት ያነበቡትን ቀንና የስህተቱን ሙሉ ቁጥር እዚሁ ይጻፉልኝ፤ አይቼ እመልስልዎታለሁ።