የግላይደር ክንፍ ለምን ይጎብጣል?

ጥያቄ፦ ሞተር አልባው ግላይደር ሲበር በቪዲዮ ስመለከት ረጃጅሞቹ ክንፎች እንደ ደጋን ወደ ላይ ሲጎብጡ አየሁ። ይህ የድክመት ምልክት አይደለምን? ክንፉን አጠርና ወፈር አድርጎ መሥራትስ ለምን አልተመረጠም?

መልስ፦ የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ ከሁለተኛው ስለሚመዘዝ ከሁለተኛው እንጀምር። ግላይደር ያለው ሀብት ከፍታው ብቻ ነው፤ አየር ወደ ኋላ በጎተተው ቁጥር ከዚያ ሀብት ላይ ይቀነስበታል። ክንፍ አውሮፕላኑን ሲያነሣ በጫፎቹ በኩል የሚሽከረከር አየር ትቶ ያልፋል፤ ይህ ሽክርክሪት የሚያመጣው ጉተታ በዝግታ በሚበረርበት ጊዜ ይበረታል፣ ክንፉ በረዘመ ቁጥር ደግሞ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ኤታ የተባለው የጀርመን ግላይደር ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 30.9 ሜትር የሚረዝመው በዚህ ምክንያት ነው።

የመዋቅር ባለሙያው ፈተና የሚጀምረው ግን እዚህ ላይ ነው። በክንፉ ውስጥ ከሥሩ (ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ከሚያያዝበት) እስከ ጫፉ የሚዘልቅ ስፓር የሚባል አግዳሚ አለ፤ አግዳሚው ከላይና ከታች በክር የተሠሩ ሁለት ጠንካራ ጥብጣቦች፣ በመካከላቸውም ቀጭን ግድግዳ አለው። ክንፉ ሲጎብጥ የታችኛው ጥብጣብ ይወጠራል፣ የላይኛው ይጨመቃል፣ ግድግዳው ደግሞ ሁለቱ እርስ በርስ እንዳይንሸራተቱ ይይዛል። አንድ ክንፍ ከራሱ ክብደት በላይ 200 ኪሎ ቢያነሣ፣ የዚህም ኃይል ማዕከል ከክንፉ ሥር 3 ሜትር ቢርቅ፣ በጥብጣቦቹ መካከልም 12 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢኖር፣ በእያንዳንዱ ጥብጣብ ላይ የሚያርፈው ኃይል 5,000 ኪሎ ይደርሳል፤ ያውም በጸጥታ ሲበር። የክንፉ ውፍረት በግማሽ ቢቀንስ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ወፍራም ክንፍ ለመዋቅር ይመቻል ማለትዎ ትክክል ነው፤ ለአየር ግን አይመችም።

ወደ መጉበጡ ስንመለስ፣ ጥንካሬና ግትርነት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፋይበርግላስ፣ ማለትም በሙጫ የተያያዘ የመስታወት ክር፣ ብዙ ተለጥጦም አይበጠስም፤ ስለዚህ ከእርሱ የተሠራ ክንፍ በጣም ቢጎብጥም ለመሰበር ገና ሩቅ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1957 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው ፊኒክስ የተባለ የጀርመን ግላይደር የፋይበርግላስን መንገድ ከፈተ፤ በ1972 በጀርመን የብራውንሽቫይግ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሠሩት ኤስቢ 10 የተባለ ግላይደር ደግሞ ካርቦን ፋይበርን በክንፉ ላይ አዋለ። የካርቦን ክር ግትርነት የመስታወቱን ሦስት እጥፍ ያህል በመሆኑ ያን ያህል አይለጠጥም። በአውሮፓ ደንብ የተለመደው ምድብ ግላይደር ከክብደቱ 5.3 እጥፍ የሆነ ጭነት እንዲችል ይጠበቃል፤ ክንፉም የዚህን 1.5 እጥፍ ሳይሰበር መሸከም አለበት። (ግላይደሮች በአብዛኛው ነጭ የሚቀቡትም ክሮቹን ያያያዘው ሙጫ በፀሐይ ሙቀት እንዳይለሰልስ ነው።)

እኔ ክንፍ ቢጎብጥ አልሰጋም፤ የምሰጋው ቢጠማዘዝ ነው። ፍጥነት ሲጨምር የሚጠማዘዝና የሚጎብጥ ክንፍ ሁለቱ እንቅስቃሴዎች እየተመጋገቡ ይርገበገባል፤ ይህም በሰከንዶች ውስጥ ክንፉን ሊሰብረው ይችላል። ስለዚህ የክንፉ ቆዳ ክሮች ከስፓሩ ጋር ትይዩ ሳይሆኑ በ45 ዲግሪ ተሻግረው ይነጠፋሉ፤ በዚህ አቀማመጥ ቆዳው መጠማዘዝን ይከላከላል፣ መጉበጡን መሸከም ግን ለስፓሩ ይተዋል።