ማጣሪያ ገዝተን ልጄን ለምን ያስቀምጠዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው አዳማ አቅራቢያ ነው። የምንጠጣው ውሃ ግቢያችን ውስጥ ከተቆፈረ ጉድጓድ ተስቦ ጣሪያ ላይ ካለ ሮቶ የሚወርድ ነው። የ4 ዓመት ወንድ ልጅና የ8 ወር ሴት ልጅ አሉኝ። ወንዱን ወር በመጣ ቁጥር ያስቀምጠዋል። ሁለቴ ጃርዲያ ተብሎ መድኃኒት ወስዷል። ሌላ ጊዜ ሳላስመረምረው ያንኑ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝቼ ሰጥቼዋለሁ። ከ5 ወር በፊት ባለ ሁለት ደርብ የውሃ ማጣሪያ ገዛን፤ ውስጡ ሁለት ነጭ ሻማ አለው። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። አሁን አንድ ጆግ ለመሙላት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል፤ ልጁም አልዳነም። ዱባይ ያለው ወንድሜ «እሱን ጣሉት፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አርኦ የሚባል ማጣሪያ እልክላችኋለሁ» ይለኛል። ጎረቤቶቼ ደግሞ የአካባቢው ውሃ የልጆች ጥርስ ያበላሻል ይላሉ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጻፉልኝ ሁለት ችግር ነው። አንዱ ጀርም ነው፤ ልጁን የሚያስቀምጠው እሱ ነው። ሌላው ጎረቤቶችዎ የሚያወሩት ነው፤ ፍሎራይድ ይባላል፤ ከድንጋይ ወደ ውሃ የሚገባና ሲበዛ ጥርስ የሚያበላሽ ማዕድን ነው። የአንዱ መፍትሔ ለሌላው አይሆንም። ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን የሚያባክነው «ማጣሪያ» የሚባል ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠራ እየመሰለው ነው።

ከልጁ ልጀምር። መድኃኒቱን ሳያስመረምሩ መስጠት እባክዎ ይቅር። የልጆች ተቅማጥ ብዙ ጊዜ በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ የጃርዲያ መድኃኒት ምንም አይሠራለትም። በሚቀጥለው ጊዜ ሲያስቀምጠው ሰገራው ይመርመር። እስከዚያ አንድ ፓኬት ለምለም በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው ቶሎ ቶሎ በትንሽ በትንሹ ያጠጡት። ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ያስጨርሱት፤ ተቅማጡ ቢቆምም አያቋርጡት። ምግብ አይከልክሉት። ሰገራው ደም ካለው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ወይም ከደነዘዘ ግን ቤት አያቆዩት፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሕክምና ይውሰዱት።

አሁን ወደ ማጣሪያው። የገዙት ዕቃ መጥፎ አይደለም። እንዲያውም ለጃርዲያ ጥሩ ነው። ነጩ ሻማ ሸክላ ነው፤ ቀዳዳዎቹ በደህና ከተሠራ ከ1 ማይክሮን ያነሱ ናቸው። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የጃርዲያ እንቁላል 10 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ በዚያ ቀዳዳ አያልፍም። አብዛኛው ባክቴሪያም ይቀራል። ቫይረስ ግን እጅግ ትንሽ ስለሆነ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ ለሁለቱ ልጆች የሚሆነውን ውሃ ከተጣራ በኋላ ያፍሉት። እናንተ ጋ ከፍታው ከ2000 ሜትር በታች ስለሆነ ከተንተከተከ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃዋል። አዲስ አበባ ለሚያነቡን ግን 3 ደቂቃ ነው፤ ከፍ ባለ ቦታ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላልና።

ማጣሪያው የዘገየው ለምንድን ነው? ሻማው ቆሻሻውን ይዞ ስለቀረ ነው። ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ የዘገየ ማጣሪያ አይደለም፤ ሳያጥቡት በድንገት የፈጠነው ነው። እንዲያ ከሆነ ሻማው ተሰንጥቋል ወይም ከሥሩ ያለው ጎሚኒ (የጎማ ቀለበቱ) ለቋል። ውሃው ሳይጣራ በስንጥቁ ያልፋል፤ ቤተሰቡ ግን «ዛሬ ጎበዝ ሆነ» ብሎ ይደሰታል።

ሲያጥቡ እጅዎን በሳሙና ታጥበው ይጀምሩ። ሻማዎቹን ያውጡ። ለዚህ ብቻ በተገዛ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይሹት፤ ቡናማው ሽፋን ለቆ ነጩ እስኪታይ። ሳሙና፣ ኦሞና በረኪና ሻማው ላይ አይነካ፤ ሸክላው ይመጠውና በኋላ የሚጠጡት እሱን ነው። በብረት ሽቦም አይፈትጉት። የፈላ ውሃም አያፍሱበት፤ ይሰነጠቃል። ከዚያ ብርሃን ባለበት ዙሪያውን እያዞሩ ይዩት። ፀጉር የመሰለ መስመር ካለ ይጣል፤ በማስቲሽ አይጠገንም። ለወራት ሲፈተግ ቀጥኖ ከሆነም መቀየር አለበት።

መልሰው ሲገጥሙ ጎሚኒው በባልዲው ውስጥ በኩል መዋሉን ያረጋግጡ። ነት መሳዩን ፕላስቲክ ከሥር በእጅ ብቻ ያጥብቁ፤ በፒንሳ ካጠበቁት ይሰነጥቃል። የላይኛውን ባልዲ ብቻ ሞልተው ከፍ አድርገው ያስቀምጡትና ሥሩን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ይጠብቁ። ውሃ መንጠባጠብ ያለበት ከሻማው አፍንጫ ብቻ ነው። ከነቱ ዙሪያ ከወጣ ጎሚኒው አልያዘም። አንዱ ሻማ ከሌላው እጅግ ከፈጠነ እሱን ይጠርጥሩ። አዲስ ሻማ ሲሆን ደግሞ መጀመሪያ ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ ደረቁን ከገጠሙት አየር ይዞ «አይሠራም» ያስብላል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሙሌት አይጠጡት፤ ለዕቃ ማጠቢያ ያውሉት።

ሮቶው ደለል ካለው ሻማው በሳምንት ይደፈናል። ውሃው ድፍርስ ሲሆን በበርሜል አሳድረው ከላይ ያለውን ብቻ ይቅዱ፤ ንጹሕ ነጠላ አራት አጥፈው ቢያጠሉት ደግሞ ሻማው ረጅም ጊዜ ያገለግልዎታል። ሮቶውም ክዳኑ ይዘጋ፤ በዓመት ሁለቴ ይታጠብ። ርግብ ያረፈበት ስንት ሮቶ አይቻለሁ።

እንግዲህ ማጣሪያው ጃርዲያን የሚይዝ ከሆነ ልጁ ለምን ይታመማል? ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ የጠረጠርኩት የታችኛውን ባልዲ ነው። እኔ ቤት የደረሰውን ልንገርዎት። ሻማውን በየጊዜው እናጥባለን። የታችኛውን ግን «የተጣራ ነው ያለበት» ብለን ለወራት አልነካነውም። አንድ ቀን እጄን ሰድጄ ግድግዳውን ዳሰስኩት፤ ያሟልጫል። የቧንቧው ውስጥም እንደዚያው። ልጆቼን በየቀኑ የማጠጣው ከዚያ ነበር፤ በጣም ነው ያዘንኩት። ከተጣራ በኋላ ውሃው ምንም መከላከያ የለውም። በእናንተ ሙቀት ደግሞ ጀርም ቶሎ ይራባል። የታችኛውን ባልዲና ቧንቧውን በየሳምንቱ በሳሙና እጠቡት፤ በደንብ አለቅልቁት። እሱ ላይ ሳሙና ችግር የለውም፤ ክልክሉ ለሻማው ነው። ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ይቀመጥ።

ከዚያ ልጁ በቀን ውስጥ ውሃ የሚያገኝባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ይከታተሉ። ጥርሱን የሚቦርሸው በምን ውሃ ነው? ገላውን ሲታጠብ ይጠጣል? ሰላጣውና ቲማቲሙ የሚታጠበው በቀጥታ ከሮቶ በወረደው ነው? ጆጉ ውስጥ ኩባያ እየነከረ ነው የሚቀዳው? ኬጂ ሲሄድ ኮዳው ከቤት ይሞላል ወይስ እዚያ? ጃርዲያ ከልጅ ወደ ልጅ በእጅ ይተላለፋል። ጥቂት እንቁላል ይበቃዋል። የሕፃኗን ዳይፐር ቀይሮ እጁን ሳይታጠብ ለወንዱ እንጀራ የሚቆርስ ሰው ካለ የዓለም ምርጡ ማጣሪያ አያድነውም። ጃርዲያ በድጋሚ ከተገኘበት ሐኪሙ የቤቱን ሰው ሁሉ እንዲያስመረምር ይጠይቁት፤ ምልክት ሳያሳይ የሚሸከም ሊኖር ይችላል።

«ውሃ አጋር ልጨምርበት?» ለሚሉም፦ ውሃ አጋር ክሎሪን ነው፤ ለባክቴሪያና ለቫይረስ ጥሩ ነው፤ በጽሑፉ ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ጃርዲያን ግን በዚያ መጠን አስተማማኝ ሆኖ አይገድልም። በማጣራትና በማፍላት ይመኑ።

ወደ ጎረቤቶችዎ ወሬ ልምጣ። እውነታቸውን ነው፤ ይህን ከልቤ እንዲሰሙኝ እፈልጋለሁ። በስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ የሚያልፍ የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይዱ ከፍተኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። አጠገብዎ ወንጂ ለረጅም ዓመታት የጉድጓድ ውሃ የጠጡ የስኳር እርሻና ፋብሪካ ሠራተኞች አጥንታቸው ጠንክሮ ጀርባቸው አልታጠፍ ብሎ ተሰቃይተዋል። በልጆች ላይ የሚታየው ጥርስ ነው። ቋሚ ጥርስ ድድ ውስጥ የሚሠራው እስከ 8 ዓመት ገደማ ነው፤ በዚያ ጊዜ የገባ ብዙ ፍሎራይድ ጥርሱን ነጭ ነጠብጣብ ወይም ቡናማ አድርጎ ያወጣዋል። ከወጣ በኋላ ታጥቦ አይለቅም። የእርስዎ ሁለቱም ልጆች በዚህ ዕድሜ ላይ ናቸው።

የሸክላ ሻማዎ ፍሎራይድ አያስቀርም። በከሰል የሚሠራው ተራ ማጣሪያም አያስቀርም። የጨረር መብራት ያለውም እንዲሁ። ማፍላት ደግሞ ያባብሰዋል፤ ውሃው ይተናል፤ ፍሎራይዱ ይቀራል። ስለዚህ «ማፍላት ለሁሉም» አልልም፤ 1 ደቂቃ ያልኩት 1 ደቂቃ ነው፤ ግማሽ ሰዓት አያንተክትኩት።

ወንድምዎ የሚልክልዎ አርኦ ውሃን በግፊት እጅግ በጠበበ ስስ ሽፋን የሚያሳልፍ ማጣሪያ ነው፤ ፍሎራይድን አብዛኛውን ያስቀራል። በዚህ ትክክል ነው። ግን ከመላኩ በፊት ሁለት ነገር ይወቅ። አንደኛ፣ ጉድጓዱ ይለካ። የክልሉ የውሃ ቢሮ ላቦራቶሪ ይጠይቁ፤ በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከሮቶው በፊት ይቅዱ። ቁጥሩ ለምሳሌ 0.8 ከሆነ ማሽኑ አያስፈልግዎትም። ሁለተኛ፣ አርኦ ግፊት ይፈልጋል፤ በአብዛኛው 3 ባር አካባቢ። 10 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 1 ባር ነው። የእርስዎ ሮቶ ከቧንቧው 4 ሜትር ቢሆን ግማሽ ባር እንኳ አይሞላም። ፓምፕ የሌለው አርኦ ከመጣ ጠብ ጠብ ብሎ ይቆማል፤ ቤተሰቡም ተበላሸ ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ የራሱ ፓምፕ ያለው ይሁን። መብራት ሲጠፋ እንደማይሠራ፣ ለሚያወጣው 1 ሊትር ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሊትር እንደሚያፈስ ይወቁ፤ የሚፈሰውን ለወለልና ለሽንት ቤት ማዋል ይቻላል። በየ6 ወሩ ወይም በየዓመቱ የሚቀየሩትን መለዋወጫዎች አብሮ ይላክ፤ እዚህ መጠናቸውን የሚገጥም ፍለጋ ያደክማል።

ውጤቱ እስኪመጣ ለመጠጥና ለምግብ የሚሆነውን ብቻ ከሌላ ቦታ ያምጡ። ለገላና ለልብስ ጉድጓዱ ምንም አይልም። ክረምት ላይ ከንጹሕ ቆርቆሮ የሚሰበሰብ የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን ይጠብና ከዚያ በኋላ ያለውን ቅዱ፤ እሱንም በሻማው አጣርታችሁ አፍሉት። ወንዱ ጥርሱን ሲቦርሽ ሳሙናው የአተር ፍሬ ያህል ይሁን፤ እንዲተፋው ያስተምሩት።

ለሕፃኗ ጡትዎን አይተዉ። እናት ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ ብትጠጣ እንኳ ወደ ወተቷ የሚያልፈው እጅግ ትንሽ ነው። የእሷ ጉዳይ ያለው በገንፎዋና በአጥሚቷ ውሃ ላይ ነው። መጀመሪያ የተሻለውን ውሃ ለእሷ ምግብ መስሪያ ይስጡት። የላቦራቶሪውን ቁጥር ሲያገኙ ይጻፉልኝ፤ ከ1.5 ካለፈ የትኛው ዘዴ ለቤትዎ እንደሚሆን አብረን እናያለን።